የአርባ ሦስት ሳንቲሜትሩ ወንበር

እትዬ ተነሱ በጥር ወር 1942 ዓ.ም. ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው፣ ድልድዩ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በመዝገብ የሰፈረው ስማቸው በዚህ ወረቀት የፊት ገጽ ላይ ታትሟል። ነገር ግን በዚያ ስም የጠራቸው ሰው ሁለት ሦስቴ ካልደገመው ዞር ብለው አያዩም ነበር። «እትዬ ተነሱ» የሚለውን ያወጡላቸው በሽተኞቻቸው ናቸው። እያደር ቤተሰቡም ለመደው፣ ባለቤታቸውም ሳይቀሩ እንዲሁ ይጠሯቸው ጀመር፤ ስለዚህ እኛም እዚህ በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

በልጅነታቸው ቀልጣፋ፣ ነገር ቶሎ የሚገባቸው፣ መልስ የማያጡ እንደነበሩ ታላቅ እኅታቸው እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ። ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት በመከታተል ላይ ሳሉ፣ ገና አሥራ አራት ዓመት እንደሞላቸው፣ አባታቸው በሥራ ላይ ሳሉ ከመወጣጫ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ደህና አድርጎ ገጠመ። የዚያን ጊዜ ምክር ግን «ይተኙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» የሚል ነበር፤ ቤተሰቡም ምክሩን እንደ ሕግ ጠበቀ። አባት ሲጠማቸው ውኃው አልጋቸው ድረስ ይመጣል፤ ፀሐይ ሲያምራቸው አልጋው ወደ መስኮቱ ይገፋል። በዚህ ሁኔታ እግራቸው አንድም ቀን መሬት ሳይነካ ሰባት ወር አለፈ። በስምንተኛው ወር ይነሱ ሲባል ጉልበታቸው አልሸከም አላቸው፤ እንደተኙም በሁለተኛው ዓመት ከዚህ ዓለም ተለዩ። እትዬ ተነሱ ይህን ሲያነሱ ማንንም ነጥለው አይወቅሱም ነበር። «ስብራቱማ ድኖ ነበር፤ አባቴን በደግነት አልጋ ላይ ያስቀረነው እኛው ነን» ይሉና ወሬውን ወደ ሌላ ይወስዱታል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1960 ዓ.ም. እንዳጠናቀቁ ለፊዚዮቴራፒ ሥልጠና ተወዳድረው አለፉ። ሦስት ዓመት ተምረው በ1964 ዓ.ም. በዋናው ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስም ከዚያ ግቢ አልወጡም። በዚያ ዘመን የሚሰጠው ሥልጠና በአብዛኛው ማሸት፣ በሙቅ ፎጣ መጠቅለልና የኤሌክትሪክ መሣሪያ መግጠም ነበር። እሳቸውም በማሸት አንደኛ ወጡ። ከእጃቸው ሥር ገብቶ ሳያንኮራፋ የወጣ በሽተኛ እንዳልነበረ ባልደረቦቻቸው ይናገራሉ። እሳቸው ግን ያ ሲያንኮራፋ የቆየው ሰው እንደ አገባቡ እያነከሰ ሲወጣ ያዩ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የበሽተኛ እርምጃ የሚለኩበት ስቶፕዎች ተበላሽቶባቸው ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ወደምትገኝ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ሄዱ። ጠጋኙ ወጣት «ነገ ይደርስልዎታል» አሏቸው። ነገ ቢሄዱ ነገ ተባሉ። አምስት ቀን ተመላልሰው በስድስተኛው ቀን ነገሩ የሰዓት ጉዳይ እንዳልሆነ ገባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። ባለቤታቸው ሰዓቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ተሠርቶ ማለቁን ያመኑት ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ይህንንም እትዬ ተነሱ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያነሱባቸው ኖረዋል። ከዚህ ትዳር በ1970 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1973 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን አፍርተዋል።

ሥራቸውን መልክ ያስያዘው ማንበብ ነበር። የሙያው መጽሔቶች ሆስፒታሉ የሚደርሱት ከታተሙ ከብዙ ወራት በኋላ፣ ጥጋቸው ተጣጥፎ ነው። እሳቸው ግን ከምሳ ሰዓታቸው ቀንሰው፣ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ይጨርሷቸዋል። በእነዚህ መጽሔቶች ውስጥ የሚወጡት ጥናቶች ከዓመት ወደ ዓመት ወደ አንድ ነገር እየተጠጉ ሄዱ፦ አዛውንትን የሚያቆመው የሌላ ሰው እጅ ሳይሆን የራሱ ጡንቻ ነው፤ ሰማንያ ዓመት የሞላው ጡንቻም ቢሆን በልኩ ካሠሩት ይጠነክራል። እትዬ ተነሱ ይህን ያነበቡ ዕለት ቤት ገብተው እንዳለቀሱ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። በማግስቱ የማሻውን አልጋ ወደ ግድግዳ ገፉት። በሽተኛው «እንደ ወትሮው አይታሽልኝም?» ሲል «ተነሱ!» ነው መልሱ። «አሞኝ እኮ ነው» ሲል «ቀስ ብለው ይነሱ» ይሉታል። ስሙ የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከኋላቸው ነበር የሚጠሩበት፤ እሳቸው ሰምተው ሲስቁ ግን ወደ ፊት ለፊት መጣ።

በ1996 ዓ.ም. ስልሳ ሁለት አዛውንት አሰባስበው የራሳቸውን ጥናት ጀመሩ። ሥራው ቀላል ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ተረከዝ ማንሳት፣ ወደ ጎን መራመድ፣ በአንድ እግር መቆም። ልኬቱም እንዲሁ ቀላል ነው። ሰውዬው እጁን በደረቱ ላይ አጣጥፎ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሳ ይቆጠራል። ወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው፣ ከወለሉ እስከ መቀመጫው አርባ ሦስት ሳንቲሜትር የሆነ መሆን አለበት። እትዬ ተነሱ ከሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት በልኩ የሆነ አንድ ቡናማ የእንጨት ወንበር መርጠው አወጡ። በመጀመሪያው ሳምንት አዛውንቱ በአማካይ ሰባት ጊዜ ተነሱ፤ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አሥራ ሁለት ጊዜ።

ይህ ውጤት ጉድ ተባለለት። ጽሑፋቸው በሙያው መጽሔት ታተመ፤ በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ሲያቀርቡትም አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ምድር ቤት ያለችውን፣ ሦስት መስኮት ያላትን ሰፊ ክፍል ለአዛውንቱ ሰጧቸው። ከአዛውንቱ አንዱ የነበሩት ጡረተኛው ፖስተኛ በሩ ላይ «እዚህ መቀመጥ ለመነሳት ብቻ ነው» ብለው በትልቅ ጽሑፍ ለጠፉ።

ጽሑፉ በታተመ በሰባተኛው ወር የሆስፒታሉ አናጺ ጉልበታቸውን ታክመው ወደዚያች ክፍል መጡ። አናጺው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እንደ ጓደኛ መታ መታ አደረጉትና «ይቺን ልጅማ አውቃታለሁ፤ ጫማ ያደረግኩላት እኔ አይደለሁም?» አሉ።

«የምን ጫማ?» አሉ እትዬ ተነሱ።

«ያኔ እናንተ ሥራ በጀመራችሁ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። አዛውንቱ ወንበሩ ይንሸራተታል፣ ያሰምጠናል ብለው ሲያማርሩ ሰማሁ። እኔም አንድ ቅዳሜ መጥቼ ለአራቱም እግር እንጨት ቀጠልኩለት፣ ሥሩን ጎማ አለበስኩት፣ ቀለሙንም አመሳሰልኩት። እንዴት ነው፣ አይታወቅም አይደል?»

በእርግጥም አይታወቅም ነበር። እትዬ ተነሱ ሜትራቸውን ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው ለኩ። አርባ ስምንት። ደግመው ለኩ። አርባ ስምንት። ከፍ ካለ ወንበር መነሳት ዝቅ ካለ ወንበር ከመነሳት ይቀላል፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። የመጀመሪያው ልኬት በአርባ ሦስት፣ የመጨረሻው በአርባ ስምንት ነበር የተወሰደው። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጨበው ስንቱን ለአዛውንቱ፣ ስንቱን ለአናጺው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አናጺው ነገሩ ሲገባቸው ዕንባቸው መጣ። «እርስዎማ ወንበር ሠርተው ሰጡኝ፤ ያልለካሁት እኔ ነኝ» አሏቸው፣ ከዚያም የዕለቱን እንቅስቃሴ አንድም ሳያስቀሩ አሠሯቸው።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እትዬ፣ አዛውንቱ ተሽሏቸዋል ወይስ አልተሻላቸውም?» ብለው ጠየቁ።

«ተሽሏቸዋል መሰለኝ።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀዎት? የምናውቀው እርስዎ፣ እኔና አናጺው ብቻ ነን።»

«ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ትናንት የማውቀው ነበር፤ ዛሬ የሚመስለኝ ሆነ። በሚመስለኝ ነገር ሰው አላሠራም።»

ይህን ሲሉ የሚያጡትን ያውቁ ነበር። ክፍሏ የተሰጠችው ለዚያ ውጤት ነው፤ ውጤቱ ከተነሳ እሷም ትነሳለች። እሷ ከተዘጋች ደግሞ እነዚያ ሁሉ አዛውንት ወደየአልጋቸው ይመለሳሉ፤ አልጋ ምን እንደሚያደርግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሦስት ቀን እህል አልበላ ብሏቸው ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ለመጽሔቱ ጽፈው ጽሑፋቸው እንዲነሳ ጠየቁ። በዚያው ዓመት ጉባኤ ላይም ወንበሩን በታክሲ ጣሪያ ላይ አስረው ወሰዱት፤ መድረኩ ላይ አቁመው ጫማውን ለሰው ሁሉ አሳዩ። አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ የቤታቸውን በር ከዘጉ በኋላ ግን ከልባቸው እንዳዘኑ ልጆቻቸው ያውቃሉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከሌሎች ክሊኒኮች አሥራ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሁሉም ወንበራቸውን ለክተው ነበር፤ ልክ ሆኖ የተገኘው የአራቱ ብቻ ነው።

ክፍሏም የፈሩት ደረሰባት፤ የአሮጌ አልጋዎች ማከማቻ ሆነች። እትዬ ተነሱ አዛውንቱን ሰብስበው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸውና «አሳስቻችኋለሁ፤ የሚቀር ካለ አልቀየምም» አሉ። ጡረተኛው ፖስተኛ «ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሳድል የተሳሳተ ቤት ስንቴ አንኳኳሁ መሰለዎት? ይቅርታ ጠይቆ ትክክለኛውን በር መፈለግ ነው እንጂ ደብዳቤ አይጣልም» አሉ። ማንም አልቀረም። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ባለው ኮሪደር፣ የሳሙና ሽታ እየሸተታቸው፣ የልብስ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ግድግዳ እየተጠጉ፣ ድፍን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሠሩ።

ጥናቱንም እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ ከዚህ በፊት ያላሠሯቸውን አዲስ አዛውንት መዝግበው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ አንዱ ወገን ወዲያው ይጀምራል፣ ሌላው ልኬቱ እስኪያልቅ ተራውን ይጠብቃል። የሚቆጥረውም ሌላ ባለሙያ ሆነ፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይነገረውም። ባለቤታቸው ደግሞ የሰዓት መሣሪያቸውን አንስተው አንድ የነሐስ ዘንግ ልክ አርባ ሦስት ሳንቲሜትር አድርገው ቆረጡላቸው፣ ጫፉንም ሞረዱት። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊትና በኋላ ዘንጉ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ይቆማል። ጫማውን ከወንበሩ ላይ በመጋዝ ያነሱት ራሳቸው አናጺው ናቸው፤ «ይህን ያህል ደስ እያለኝ ያፈረስኩት ሥራ የለም» ብለዋል።

ውጤቱ በ1999 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ያልጀመሩት በሰባት ቀሩ። የሠሩት ከሰባት ወደ ዘጠኝ ከፍ አሉ። አምስት የተባለው ጭማሪ ሁለት ሆነ። ከሠሩት መካከል በእነዚያ ሳምንታት አዳልጧቸው የወደቁት ሰዎች ቁጥርም ያነሰ ይመስል ነበር፤ እትዬ ተነሱ ግን «በዚህን ያህል ጥቂት ሰው ይህን አልናገርም» ብለው ከድምዳሜው አስወጡት። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አገላብጠው «ሁለት ብቻ?» ቢሉ፣ መልስ የሰጡት ከአዲሶቹ አዛውንት አንዷ፣ ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው። «ልጄ፣ ከዚህ በፊት መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ የምራቴን ስም እየተጣራሁ እንድታነሳኝ እጠብቅ ነበር። ሁለቱ እዚያ ላይ ነው የሚገቡት» አሏቸው። በሁለተኛው ሳምንት አሮጌዎቹ አልጋዎች ወጥተው ክፍሏ ተመለሰች፤ እስከ ዛሬም ሥራ ላይ ነች። የፖስተኛው ጽሑፍም ከበሩ አልተነሳም።

እትዬ ተነሱ በ2002 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ይህን ጡረታ ከባለቤታቸው በስተቀር ያመነበት የለም፤ እሳቸውም ተሳስተዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እዚያችው ክፍል ይገኙ ነበር። በቤታቸው ለልጆቻቸው ደግ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ከደግም የዘለሉ ነበሩ፤ ነገር ግን አቀብሉኝ ለሚል ሰው ማዘን አያውቁም። በእሳቸው ቤት እንግዳ ጨው ቢፈልግ ራሱ ተነስቶ ያመጣል።

በ2013 ዓ.ም. ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጅና እግራቸው ሰነፈ። እንዲያሠሯቸው የተመደቡት የቀድሞ ተማሪያቸው ነበሩ፤ የማን ፈተና ይበልጥ እንደከበደ መናገር ያስቸግራል። በመጀመሪያው ልኬት ዜሮ አስመዘገቡ። «ዜሮም ቁጥር ነው፤ ጻፉት» አሉ። በሦስተኛው ወር አንድ፣ በዘጠነኛው ወር አራት ደረሱ። ልጃቸው አንጀቷ አልችል ብሎ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ስስ ትራስ አንጥፋ ነበር፤ ገና ሲቀመጡ «ማነው ወንበሬን ያሳደገው?» ብለው ዘንጉን አስመጡ። ትራሱ ተነሳ። በዓመቱ ስድስት ሆኑ፤ በዱላም ቢሆን እስከ ባለቤታቸው ሱቅ ድረስ መሄድ ጀመሩ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ልባቸው ደከመ። ሕክምናው ሲረዳቸው ቆይቶ ካለፈው ወር ወዲህ እየከበዳቸው መጣ። ያም ሆኖ ሆዳቸው አልከፋም፤ «የሚበቃኝን ያህል ቆሜያለሁ» ይሉ ነበር። ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት፣ እሑድ ጠዋት፣ ወንበሩን አስመጡ። ዘንጉ ቆመ። ባለቤታቸው ያንን የድሮውን ስቶፕዎች ያዙ። እትዬ ተነሱ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣጠፉ፤ ግራውን ቀኙ ረዳው። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ይህን የምትጽፈው የእኅታቸው ልጅ «አንድ» ብላ ደብተራቸው ላይ ስትጽፍ «ከፍታውንም ጻፊ» አሏት። አርባ ሦስት ተብሎ ተጽፏል።

ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐሙስ ማለዳ፣ ቤተሰባቸው ከብቧቸው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ታላቅ እኅታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የቆሙላቸውን ሰዎች ብዛት እሳቸው ራሳቸው ካልለኩት ስለማያምኑት እኛም አንጽፈውም፤ ዛሬ ከበር እስከ አጥሩ የሞላችሁት ታውቁታላችሁ።

ፈጣሪ የእትዬ ተነሱን ነፍስ በቀና ቦታ ያኑርልን፤ ከአባታቸውም ጋር ያገናኝልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ።

በመጨረሻ አንድ አደራ አላቸው። «ይህ ተነቦ ሲያልቅ ሰዎቹን እንዳታስቀምጪያቸው» ብለዋል። ጉልበታችሁ የሚያማችሁ ተቀምጣችሁ ቆዩ፤ እጃችሁን መደገፍ የምትፈልጉም ተደገፉ፣ እሳቸውም አይቆጡም። የምትችሉ ግን እግራችሁን መሬት ላይ አደላድሉ፣ እጃችሁን በደረታችሁ ላይ አጣጥፉ፣ ወደፊት ዘንበል በሉ። ለእሳቸው አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ተነሱ።